የሻትሩንጃያን ሥዕሎች ስታዩ የማትሠሯቸው ስህተቶች

በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት፣ ከፓሊታና ከተማ አጠገብ ሻትሩንጃያ የሚባል ተራራ አለ። ጫፉ ላይ ጄይን የሚባለው የህንድ ጥንታዊ ሃይማኖት ከ800 በላይ ቤተ መቅደሶች ተሰብስበዋል። ሠዓሊዎች ለዘመናት ሥለውታል። ብዙዎቻችን ግን ሥዕሉን አይተን ቶሎ እንፈርዳለን።

ትልቁ ስህተት "ሠዓሊው ቅርብና ሩቅ አይለይም" ማለት ነው። ተራራው የሚሣለው ፓታ በሚባል ሰፊ ጨርቅ ላይ ነው። ቤተ መቅደሱ ከፊት ለፊት፣ ግቢው ደግሞ ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ጎን ለጎን ይሣላል። ይሄ ታስቦበት ነው፤ በፓታው ላይ ሰው ይሳለምበታል። በክረምቱ አራት ወራት ተራራው ለተሳላሚ ይዘጋል። መነኮሳቱም በዝናቡ የሚፈሉትን ነፍሳት እንዳይረግጡ ከቦታ ቦታ አይዞሩም። በህንድ አቆጣጠር ካርቲክ በሚባለው ወር ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን መንገዱ ይከፈታል። በዚያ ቀን ፓሊታና መድረስ ያልቻለ በየከተማው በተሰቀለው ፓታ ፊት ይሰግዳል። ስለዚህ ከሩቅ ቆማችሁ በአንድ ጊዜ አትዩት። ከታች ጀምሩ፤ ደረጃውን በዓይናችሁ ውጡ፤ እያንዳንዱ ግቢ ጋ ቆም በሉ። ያኔ ነው ሥዕሉ የሚገባችሁ።

ሁለተኛው፣ ቦታው ጥንታዊ ስለሆነ ሕንፃውም ሁሉ ጥንታዊ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወራሪዎች ብዙ አፍርሰዋል። ዛሬ የሚታየው አብዛኛው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው። ሞቲሻህ የተባለ የቦምቤይ ነጋዴም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተራራው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ሸለቆ አስሞልቶ ትልቅ ግቢ አሠርቷል። በፓታው ላይ ሸለቆው ባዶ ከሆነ ሥዕሉ ከዚያ በፊት የተሣለ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ፍንጭ ነው።

ሦስተኛው ከፎቶ ጋር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1869 የታተሙትን ሳይክስና ድዋየር የተባሉ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸውን የተራራውን ፎቶዎች አይቶ "የተተወ ከተማ" የሚል አይጠፋም። አልተተወም። በተራራው ላይ ማደር ክልክል ነው፤ ሲመሽ ካህናቱም ጭምር ይወርዳሉ።

በመጨረሻ፣ ተቀምጠው የሚታዩትን ምስሎች ቡድሃ አትበሏቸው። ቲርታንካራዎች ናቸው፤ የጄይን 24 መምህራን። ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደው የመጀመሪያው፣ አዲናት ነው። ዋናው ቤተ መቅደስም የእሱ ነው። ከራሱ በላይ የእባብ ራሶች የተዘረጉለት ደግሞ ፓርሽቫናት ነው።