ጳጉሜ 6 እንዳይጠፋ፦ ከማስተካከል በፊት ቴስት

በትርፍ ሰዓቴ የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይር ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙባት ዝግጁ ኮድ) እንከባከባለሁ። አንድ ተጠቃሚ «ላይብረሪው ውስጥ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የለም» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው። ኮዴ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን መስከረም 1 ይለው ነበር።

እጃችሁ ወዲያው ወደ ኮዱ አይሩጥ። መጀመሪያ ቴስቱን፣ ማለትም ኮዱ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ፣ ጻፉ፦ ሴፕቴምበር 11 ሲገባ ጳጉሜ 6 መውጣት አለበት። አስኪዱትና ሲወድቅ በዓይናችሁ እዩት። ካለፈ ችግሩን አልያዛችሁትም ማለት ነው። ከዚያ አስተካክሉ።

ጎረቤት ቀኖቹንም አትርሱ። እኔ ሴፕቴምበር 10ን እና 12ን ጨመርኩ፤ ጳጉሜ 5 እና መስከረም 1 መሆን አለባቸው። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የ2014 ቴስት ነው። የዚያ ዓመት ጳጉሜ 5 ቀን ብቻ ስለሆነች ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 መስከረም 1 ቀን 2015 ነው። የመጀመሪያው ማስተካከያዬ ለየዓመቱ ስድስተኛ ቀን ያድል ነበር፤ የያዘው ይሄ ቴስት ነው።

በመጨረሻ ማስተካከያውን ለጊዜው አንሱትና ቴስቱ ዳግም መውደቁን አረጋግጡ። ከቴስቱ በላይ ችግሩ የተነገረበትን ሪፖርት ቁጥር በኮሜንት (ኮዱ ውስጥ ለሰው በሚጻፍ ማስታወሻ) ጻፉ። በጎ ፈቃደኛ ነገ ሥራ ሊበዛበት ይችላል፤ ተረካቢው ቴስቱን ትርፍ መስሎት እንዳይሰርዘው።