ጡረታ በወጣ ፒክአፕ ሞተር ትልቁን የሸቭሮሌ ቪ8 በአነስተኛ ገንዘብ መሥራት

አሜሪካ ውስጥ ቢግ ብሎክ የሚባለውን ትልቅ ቪ8 ሞተር በቁጠባ ለመሥራት ያሰበ ሰው መፈለግ ያለበት ዝነኛ የስፖርት መኪና ሳይሆን ከሥራ የወጣ ፒክአፕ ወይም ሞተርሆም ነው። የሸቭሮሌው 454 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7.4 ሊትር ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ቀርቦ ከቤት መኪኖች ላይ ከ1976 በኋላ ቢጠፋም፣ በፒክአፕ፣ በሰበርባንና በሞተርሆም ላይ እስከ 2000 ድረስ ዘልቋል፤ በጃንክያርድ፣ ማለትም አሮጌ መኪኖች በሚፈቱበት ግቢ፣ በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት የ1960ዎቹ 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ግን ዋጋው ብቻውን የቁጠባውን ሐሳብ ያፈርሰዋል።

ከመግዛት በፊት ሞተሩ የየትኛው ትውልድ እንደሆነ መለየት ግድ ነው። እስከ 1990 ድረስ የተሠራው ማርክ 4 የኋላ የዘይት ማኅተሙ ሁለት ቁራጭ ሲሆን፣ ከ1991 ጀምሮ የመጡት ጄን 5 እና ጄን 6 ግን አንድ ወጥ ማኅተም ስላላቸው ኮሎውም (የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ሆነ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ከአሮጌው ጋር አይለዋወጥም። የማርክ 4 ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በጄን 5 ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ለማሰር የሚፈልግ ሰውም የውኃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ስለማይገጥሙ ለዚሁ የተሠራ ጓርኒሲዮን (በመካከላቸው የሚገባ ማሸጊያ) ካላገኘ ውኃ ከዘይት ጋር ይቀላቀልበታል። ልምድ ለሌለው ሰው ከአንድ ሞተር የወጣውን ዕቃ ሳይበታትን መጠቀም ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ጃንክያርድ ውስጥ የመጀመሪያው ፈተና ኮሎው በእጅ ቁልፍ መዞሩ ነው። ቀጥሎ የቫልቭ ክዳኑን ከፍተው ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ እንደሆነ፣ ወይም ጥቁር ዝቃጭ ተከማችቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ክረምቱን ያለ አንቱፍሪዝ የቆመ ሞተርሆም ብሎኩ በበረዶ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል የውኃ ክፍሉን ግድግዳ በደንብ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሙሉውን ሲሆን 300 ኪሎ ያህል እንደሚመዝንም መዘንጋት የለበትም፤ በገመድና በጓደኛ ጉልበት የሚነሣ ዕቃ አይደለም።

ገንዘቡ መዋል ያለበት በሚያብረቀርቅ ዕቃ ላይ ሳይሆን በልኬትና በማሽን ሾፕ ሥራ ላይ ነው። ብሎኩ ከታጠበና ስንጥቅ እንደሌለው በማግኔት ዱቄት ከተመረመረ በኋላ፣ ሲሊንደሮቹ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካሉ። የፋብሪካው ልክ 4.250 ኢንች ስለሆነ፣ ከተበሉ በ0.030 ኢንች ሰፍተው 4.280 ሲደርሱ ሞተሩ 460 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። ከዚያ በላይ ማስፋት ለቁጠባ ሥራ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ግድግዳውን ማሳሳቱ ግን አይቀርም። ኮሎው ከተቧጨረ 0.010 ኢንች ተሞርዶ በዚያ ልክ የተሠራ ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ሽፋን፣ ይገባለታል። የብሮንዚን ክፍተት በአንገቱ (ብሮንዚኑ በሚይዘው የኮሎው ክፍል) ስፋት በእያንዳንዱ ኢንች 0.001 ኢንች ያህል መሆን ስላለበት፣ 2.75 ኢንች ለሆነው ዋና አንገት ከ0.0025 እስከ 0.003፣ 2.2 ኢንች ለሆነው የቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) አንገት ደግሞ ከ0.002 እስከ 0.0025 ኢንች ይበቃዋል። ለመንገድ መኪና የፋብሪካው ቢዬላ ያገለግላል፤ ብሎኖቹ ግን አዲስ ይሁኑ፣ ብሎን ሲቀየርም የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ እንደገና ወደ ልኩ መመለስ አለበት። የማርክ 4 ባለቤት ሌላም የሚጠነቀቅበት ነገር አለ፦ የ454 ኮሎ ሚዛኑ የሚጠበቀው ከፊት ባላንሰሩና (የኮሎውን ንዝረት የሚያረግበው ጎማ መሰል ዕቃ) ከኋላ ቮላኖው (በኮሎው ጫፍ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ባለው ተጨማሪ ክብደት ስለሆነ፣ ከ396 ወይም ከ427 ሞተር የተገኘ ባላንሰር ቢታሰርበት ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ብሮንዚኑን ይበላል።

የፒክአፕ ቴስታታ ብዙ ጊዜ የአየር መግቢያው ጠባብ ነው፤ አሜሪካውያን በለውዝ መስለው ፒነት ፖርት ይሉታል። ጭነት ለሚጎትት ሰው በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ጉልበት ስለሚሰጥ እንዳለ ይተወው፤ ፍጥነት የሚፈልግ ግን ትልቁን ሞላላ መግቢያ ያለውን ይፈልግ። አራት ማዕዘን መግቢያ ያለው ግን ውድ ከመሆኑም በላይ ለከተማ መንዳት ከልክ በላይ ሰፊ ነው። የመጭመቂያ ልክን፣ ማለትም አየርና ነዳጁ በስንት እጥፍ እንደሚታመቅ፣ አስቀድሞ ማስላት ይገባል፦ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ይዘት በ0.030 ከሰፋ በኋላ 943 ሲሲ ነው፤ የቴስታታው ጉድጓድ (ነዳጁ የሚቃጠልበት ቦታ) 118 ሲሲ ከሆነና ጓርኒሲዮኑና ከፒስተኑ በላይ ያለው ክፍተት 14 ሲሲ ቢጨምሩ፣ ጠፍጣፋ ፒስተን የሚሰጠው 8.1 ለ1 ብቻ ነው። 18 ሲሲ ጉብታ ያለው ፒስተን ግን ወደ 9.3 ያደርሰዋል፤ ይህም በመደበኛ ቤንዚን የሚሠራ ጥሩ ልክ ነው። ለክፍት ጉድጓድ የተሠራ ባለ ጉብታ ፒስተን በዝግ ጉድጓድ ቴስታታ ሥር ቢገባ ብረት ከብረት ይጋጫል።

ያገለገለ ጠፍጣፋ ታፔት (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ቫልቭ የሚያስተላልፍ ዕቃ) በራሱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) እና በራሱ ቦታ ካልተመለሰ የካምሻፍቱን ጉብታዎች ይበላል፤ ስለዚህ ካምሻፍቱ ከተቀየረ ታፔቱም አዲስ ይሁን። ከ1996 ወዲህ የተሠራው ጄን 6 በፋብሪካ የሮለር ታፔት፣ ማለትም ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ጎማ መሰል ብረት ያለው፣ ስለገባበት ይህ ሥጋት ይቀንሳል፤ የቆጣቢ ሰው ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሲገጣጠም የፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ጫፍ ክፍተት በሲሊንደሩ ስፋት በእያንዳንዱ ኢንች 0.004 ሆኖ 0.017 ኢንች ያህል ይሁን። አራት ብሎን ያለው የዋና ብሮንዚን መያዣ በ110 ፉት ፓውንድ፣ የቴስታታው ብሎኖች በ80 ፉት ፓውንድ፣ ሁሉም በሦስት ደረጃ ይጠብቃሉ። የማቀጣጠል ተራው 1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2 ነው።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የዘይት ፓምፑ በመሰርሰሪያ ተነድቶ ዘይቱ ሁሉም ሮከር (ቫልቩን የሚጫን ክንድ) ጋ መድረሱ ይረጋገጥ። ታፔቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ዚንክ የበዛበት ዘይት ተሞልቶ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ወዲያው ወደ 2000 ዙር ከፍ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይቆም ይሠራ፤ በስራ ፈት ዙር ማቆየት ካምሻፍቱን ይገድለዋል። ከዚያ ዘይቱ ትኩስ እንዳለ ይፍሰስ፣ ፊልትሩም ተቆርጦ በብርሃን ይታይ፤ ጥቂት ግራጫ ብናኝ የተለመደ ሲሆን፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅርፊት ከታየ ግን ሞተሩ መኪና ላይ ሳይገባ ኮፓው እንደገና ይወርዳል።