እናቱ የተገደለችበትን የፀሐይ ድብ ግልገል ወደ ጫካ እንዴት መመለስ ይቻላል?

የፀሐይ ድብ በዓለም ላይ ካሉት 8 የድብ ዝርያዎች ትንሹ ነው። ትልቅ የሚባለው ወንድ 65 ኪሎ ቢመዝን ነው። ጸጉሩ አጭርና ጥቁር ሲሆን ደረቱ ላይ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ የአንዱ ምልክት ከሌላው ስለሚለይ ተመራማሪዎች ድቦቹን የሚያውቋቸው በዚሁ ነው። የሚኖረው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ነው፤ ቦርኒዮ፣ ሱማትራ፣ ታይላንድ፣ ካምቦዲያ፣ ምያንማርና አካባቢው።

አንድ ግልገል ሰው እጅ ገባ ማለት ብዙውን ጊዜ እናቱ ተገድላለች ማለት ነው። "ጫካ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት" የሚል ሻጭ አይታጣም። አትመኑት። እናት ድብ ልጇን በቀላሉ ጥላ አትሄድም። አዳኙ እሷን የሚገድላት ለሐሞቷ፣ ለመዳፏና ለሥጋዋ ነው፤ ግልገሉ እንደ ምርቃት ይያዝና ለሚያሳድገው ሰው ይሸጣል። በዚያ ላይ ደኑ ለፓልም ዘይት እርሻ እየተመነጠረ በሄደ ቁጥር ለአዳኝ መንገድ ይከፈታል፣ ድቡም ከሰው ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል።

እነዚህን ግልገሎች አሳድጎ ወደ ጫካ መመለስ ይቻላል። ዓመታት ይፈጃል እንጂ ይቻላል። ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳችሁ። አብዛኛው ከማሌዥያዋ ሳባ ግዛት የመጣ ልምድ ነው፤ እዚያ ሴፒሎክ በሚባል ቦታ ዎንግ ሲው ቴ የተባሉ የዱር እንስሳት ባለሙያ በ2008 እ.ኤ.አ. የቦርኒዮ የፀሐይ ድብ ጥበቃ ማዕከልን አቋቁመዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ዛፍ መውጣቱንና ምስጥ መቆፈሩን ጫካው ራሱ ያስተምረዋል። ሰውን የሚፈትነው በጡጦ ካሳደገው እንስሳ ቀስ በቀስ መራቅ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄዱት።

ደረጃ 1፦ አትግዙት፣ አሳውቁ

"አዝኜለት ነው የገዛሁት" የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ልባቸው ደህና ነው፤ ገንዘቡ ግን ለሚቀጥለው ጥይት ይሆናል። ሻጩ የሚያየው ገበያ መኖሩን ብቻ ነው። ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደዚያ ሄዳችሁ በሰንሰለት የታሰረ ወይም ጠባብ ጎጆ ውስጥ የተቆለፈበት ግልገል ካያችሁ ቦታውን መዝግቡና ለአገሩ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አሳውቁ። አብራችሁት ፎቶ አትነሡ፣ ለፎቶም አትክፈሉ። የፀሐይ ድብን ከአገር አገር እያሻገሩ መነገድ ሳይቲስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ሳባ ውስጥም ሙሉ ጥበቃ ካላቸው እንስሳት አንዱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከአፍሪካ ቀንድ፣ ከእኛም አገር ጭምር፣ የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሻገሩት ለቤት ጌጥነት ነው። ብዙዎቹም መንገድ ላይ ያልቃሉ።

ደረጃ 2፦ ማሞቅ፣ መለየት፣ መመርመር

ማዕከል የሚደርስ ግልገል ብዙ ጊዜ ታማሚ ነው። ሩዝ፣ ብስኩትና የቆርቆሮ ወተት ሲበላ ከርሟል። ካልሲየም ስለጎደለው አጥንቱ የለሰለሰ፣ እግሩ የተጣመመ አለ። አንገቱ ላይ የሰንሰለት ቁስል ያለበትም አለ።

በጣም ትንሽ ከሆነ ወተት ከመስጠት በፊት አሙቁት፤ የቀዘቀዘ ሰውነት ወተት አይፈጭም። ከዚያ ከሌሎች ድቦች ተለይቶ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ሐኪሙ ደሙን፣ ዓይነ ምድሩንና ሳንባውን ያያል፣ የሆድ ትላትሉን ያክማል፣ መለያ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ያስገባል። ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ እንስሳ ሊተላለፍ ስለሚችል ተንከባካቢዎቹም መመርመር አለባቸው። ይህን ደረጃ ማሳጠር ትልቅ ጥፋት ነው። ከሰው ቤት በሽታ ይዞ ጫካ የሚገባ አንድ ድብ እዚያ ያሉትን ጤነኞች ሊበክል ይችላል።

ደረጃ 3፦ ወተቱና አጠባቡ

የላም ወተት አይስማማውም። ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ) ስለሚበዛበት ያስቀምጠዋል። የሚሻለው ላክቶሱ የተቀነሰ የዱቄት ወተት ወይም ለውሻ ቡችሎች ተብሎ የሚዘጋጀው ነው። ትንሽ ግልገል በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ይጠባል፣ ሌሊትም ጭምር።

አቀማመጡን ልብ በሉ። እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት ወተቱ ወደ ሳንባው እንዲገባ ያደርጋል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ነው፣ እሱም ይገድለዋል። በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና ብሎ፣ በፊት እግሮቹ የተጠቀለለ ፎጣ እየገፋ ነው መጥባት ያለበት። የጡጦው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን። ሲጨርስ ደግሞ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ከጭራው ሥር ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ እናቱ በምላሷ የምታደርገው ይህንኑ ነው፣ ያለዚያ ገና ዓይኑ ያልተገለጠ ግልገል በራሱ መሽናት ይቸግረዋል።

እየጠባ ከጉሮሮው "እምምም" የሚል ድምፅ ያወጣል። ጠግቦም የራሱን መዳፍ ይጠባል። የሰው ልብ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፣ ጥብቁ ሕግም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የሚያጠባው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይሁን። ጎብኚ አይንካው፣ ጋዜጠኛም አይቀፈው። አንድ ሰው እናት ይሆነዋል፤ የቀረው ሰው ሁሉ ባዕድ ሆኖ መቅረት አለበት።

ደረጃ 4፦ የራሱ ዘር ጓደኛ

በዕድሜ የሚቀራረብ ሌላ ግልገል ካለ፣ የጤና ምርመራው እንዳለቀ አንድ ላይ አድርጓቸው። መጀመሪያ በሽቦ መካከል ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ይናከሳሉ፣ ይገለባበጣሉ፣ ይጯጯሃሉ። ተዉአቸው። የንክሻን ልክ የሚማሩት እንዲህ ነው። ጓደኛ ያገኘ ግልገል ሰውየውን መፈለግ ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ ጫካ ለጫካ

የዱር ግልገል ከእናቱ ጋር 2 ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የሚበላውን የሚያውቀው እሷን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ተንከባካቢው ግልገሉን ይዞ በየቀኑ ጫካ ይገባል። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ካሊማንታን ጋብሪኤላ ፍሬድሪክሰን የተባሉ ተመራማሪ ሱንጋይ ዋይን በሚባል ጥብቅ ደን ውስጥ እናት አልባ ግልገሎችን ያሳደጉት እንዲሁ አብረዋቸው እየተጓዙ ነው።

በዚህ ጉዞ የሰውየው ሥራ ዝም ማለት ነው። ከፊት አይመራም፣ ከኋላ ይከተላል። ግልገሉ አንድ የበሰበሰ ግንድ ጋ ይቆማል። ያሸታል። ጥፍሩን ሰክቶ ይጎትታል፣ እንጨቱ ይፈረፈራል፣ ከውስጡ ወፍራም ነጭ የጥንዚዛ እጭ ይወጣል። ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ እንደገና ያሸተዋል፣ ከዚያ ይበላዋል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ይስታል፤ ጉንዳን አፍንጫውን ነክሶት ራሱን እያራገፈ ይሮጣል። እየቆየ ሲሄድ ግን የትኛው ኩይሳ ምስጥ እንዳለው፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ሳይቆፍር ያውቃል። እኛ ያንን ሽታ አናሸትም፣ ስለዚህም ልናስተምረው አንችልም። ጊዜና ቦታ ብቻ ነው የምንሰጠው።

ማር ሌላው ትልቁ ጉዳይ ነው። እኛ ጣዝማ የምንላት የማትናደፍ ንብ ዘመዶች እዚያ በትልልቅ ዛፎች ግንድ ውስጥ ይኖራሉ። ድቡ ጠንካራውን እንጨት በጥርሱ እየፈለጠ ይገባና ማሩንም፣ እጩንም ይበላል። 20 ሴንቲሜትር የሚያልፍ ምላስ ያለው ለዚህ ነው። የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ፍሬም ይወዳል።

ነገር ግን የቦርኒዮ ጫካ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። ብዙዎቹ ዛፎች በጥቂት ዓመታት አንዴ ሁሉም በአንድ ላይ ያፈራሉ፤ በመካከሉ ችጋር ሊመጣ ይችላል። ዎንግ በ1999 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ግድም ሳባ ውስጥ ባለው ዳኑም ሸለቆ ጥናት ሲያካሂዱ አጥንታቸው የቀረ የዱር ድቦች አይተዋል። ሰው ያላሳደጋቸው፣ ጫካውን በደንብ የሚያውቁ ድቦች ናቸው እንግዲህ። ፓፓያና ሙዝ በሳህን የለመደ ድብማ እንዲህ ያለ ወቅት ሲመጣ ምን ይውጠዋል? ስለዚህ ግልገሉ ፍሬ በሌለበት ቀን ምስጥና እጭ ፈልጎ ማደርን የግድ መልመድ አለበት።

መኝታም እንዲሁ ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ እየሰበረና እያጠፈ መደብ መሥራት ሲጀምር ተንከባካቢዎቹ በጣም ይደሰታሉ፣ ምክንያታቸውም በቂ ነው። መሬት ላይ የሚተኛ ድብ ለአደጋ የቀረበ ነው። ምሥራቅ ካሊማንታን ውስጥ 7 ሜትር የሚጠጋ ዘንዶ 23 ኪሎ የምትመዝን እንስት የፀሐይ ድብ ውጦ ተገኝቷል።

ደረጃ 6፦ መራቅ

ግልገሉ ሲጠነክር አብሮ መሄዱ ይቀራል። እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚደርስ ጥፍርና አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ያለው እንስሳ እየተጫወተም ሰው ይጎዳል። ከዚህ በኋላ ያለው ቦታው በኤሌክትሪክ አጥር የተከለለ እውነተኛ ጫካ ነው።

በሲሚንቶ ወለል ላይ ያደገ ድብ በሩ ሲከፈትለት ቶሎ አይወጣም። አፈር ረግጦ አያውቅም። አንድ እጁን ሣሩ ላይ ያሳርፍና ይመልሰዋል። ቀናት፣ አንዳንዱም ወራት ይፈጅበታል። ገፍቶ ማስወጣት አይቻልም፤ ደጁ ላይ ምግብ እየተዉ መጠበቅ ብቻ ነው።

ምግቡም ከሰው ጋር እንዳይያያዝ ተደርጎ ይሰጣል። በግንድ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ቅጠል ሥር ይበተናል፣ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ማንም በስሙ አይጠራውም፣ ማንም አያናግረውም። ያሳደገው ሰው እንኳ በሩቁ ነው የሚያየው። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ሰውን የሚጠጋ ድብ መጀመሪያ ያገኘው መንደር ገብቶ ነው የሚገደለው።

ደረጃ 7፦ ማን ይለቀቅ?

ሁሉም አይለቀቅም። ሰው ሲመጣ ይሸሻል ወይስ ይቀርባል? ምግቡን ራሱ ያገኛል? ከፍ ብሎ መኝታ ይሠራል? ጥርሱና ጥፍሩ ሙሉ ነው? ጤናው በቅርቡ ተመርምሯል? አንዱ ላይ እንኳ መልሱ ካላረካ ይቆይ። ባለቤቶቹ ጥፍሩን ወይም የውሻ ጥርሱን ያወጡበት ድብ ደግሞ ጫካ ውስጥ አይኖርም፤ ይህን በግልጽ መቀበል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ጫካውን መምረጥ

ሕጋዊ ጥበቃ ያለው፣ ከመንደርና ከእርሻ የራቀ፣ ወጥመድ የሚለቅሙ ጠባቂዎች የሚዞሩበት፣ ዓመቱን ሙሉ ምግብ የማይጠፋበት መሆን አለበት። የዱር ድቦች ከሞሉበትም ችግር ነው፤ አዲሱን ያባርሩታል ወይም ይገድሉታል። ሳባ ውስጥ የተመረጠው ታቢን የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ነው፣ ስፋቱ ወደ 1,200 ካሬ ኪሎሜትር። ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ስለሆነ ወረቀቱ አስቀድሞ ይጀመር።

ደረጃ 9፦ የሚለቀቅበት ቀን

ከጥቂት ቀናት በፊት ድቡ በማደንዘዣ ይተኛል፣ ይመዘናል፣ አንገቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ይታሰራል። መከታተያው ከድቡ ክብደት ከመቶ 5 እጅ ማለፍ የለበትም። የሚያድግ ድብ ከሆነ አንገቱን እንዳያንቀው በጊዜው ራሱ የሚወልቅ ይሁን። የሚጓጓዘው ሙቀቱ በረድ ባለበት ሰዓት ነው፣ የብረት ሣጥኑም ተሸፍኖ።

ከሴፒሎክ ማዕከል የመጀመሪያዋ የተለቀቀችው ናታሊ ናት፤ በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. በሄሊኮፕተር ወደ ታቢን ተወሰደች። ሄሊኮፕተር ውድ ነው፣ ግን መኪና ከሚደርስበት በላይ ዘልቆ ይገባል፤ መኪና የደረሰበት አዳኝም ይደርስበታልና። የሣጥኑ በር የሚከፈተው ከሩቅ በገመድ ነው። ሰው አጠገቡ አይቆምም፣ ጭብጨባም የለም።

ደረጃ 10፦ ከዚያስ?

ሥራው አላለቀም። መከታተያው ድቡ የት እንዳለ ይልካል፣ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ምልክቱን ስለሚይዘው ግን መረጃው እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እንቅስቃሴ ሲያገኙ ራሳቸው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች ይተከላሉ፣ ቡድኑም በእግሩ ይወጣል፦ የተፈለጠ ግንድ፣ የተቆፈረ ኩይሳ፣ ዛፍ ላይ የጥፍር ጭረት ይፈልጋል። ድቡ አንድ ቦታ ላይ ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ወይ ወጥመድ ይዞታል ወይ ሞቷል ወይ መከታተያው ወልቋል፤ ቶሎ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ወደ ሰው ካምፕ የሚመጣ ከሆነ ምግብ አይሰጠውም፣ በጩኸት ይባረራል። እምቢ ካለ ተይዞ ወደ ማዕከሉ ይመለሳል።

የተመለሰው፣ ጥርሱን ያጣው፣ ሰውን የለመደው ሁሉ ቀሪ ዘመኑን ማዕከሉ ጫካ ውስጥ ነው የሚኖረው። በሰው እንክብካቤ ሥር ያለ የፀሐይ ድብ ወደ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ግልገል ገና ሲቀበሉ የምግቡ፣ የሐኪሙና የአጥሩ በጀት ለእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታስቦ መያዝ አለበት፤ ለእንዲህ ዓይነት ማዕከል ገንዘብ ለመለገስ ካሰባችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ጫካ የማይመለሱትን በምን ልታኖሯቸው አስባችኋል? ግልገል እያሳቀፈ ፎቶ የሚያስነሳ ማዕከል ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ ውሰዱት።