ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ አምራች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ተሰረዘች፤ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ መላክን ተማምነው የገቡ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተንገዳገዱ። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ልብስ ይሰፉ የነበሩ ወጣት ሴቶች ሥራው ሲቀር ኪራዩ አልቀረላቸውም። ከዚያ ወዲህም በየከተማው፣ ትልቅ ፋብሪካም ይሁን መካከለኛ ሆቴል፣ ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም እናያለን።

አገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የመድን ሥርዓት የላትም። ሠራተኛው በእጁ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ እንከን አያጣም። የሚያናድደው ግን በአዋጁ ውስጥ ያለውን መብት እንኳ ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በገዛ ፊርማው ማስረከቡ ነው።

1. «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ስለሆነ ሌላውን ባያነቡ እንኳ ይህን ያንብቡ። ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ያስጠራል። ወረቀቱ ተጽፎ፣ ቀኑ ገብቶ፣ የፊርማ ቦታው ብቻ ቀርቷል። «እህቴ፣ ዛሬ ከፈረምሽ የወሩን ደመወዝ ነገ ትወስጃለሽ፤ ሥራ ሲጀመር ደግሞ መጀመሪያ የምንደውለው ላንቺ ነው» ይባላል። ተናጋሪው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እሱም ታዝዞ ነው። ወረቀቱ ግን የሚለው ሌላ ነው።

በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። ለተቀነሰ ሠራተኛ የሚታሰበው ተጨማሪ ክፍያም፣ ከስንብቱ በፊት የሚሰጠው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይቀርበታል። በሕጉ መሠረት እንዲያውም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት የነበረበት እሱ ይሆናል። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ማለት ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ሸክም ነው፤ ምስክር የሚሆኑት የሥራ ባልደረቦችም በዚያው ሰሞን ለራሳቸው እንጀራ የሚሰጉ ናቸው።

ስለዚህ ያሰናበተው ድርጅቱ ከሆነ፣ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን ጠቅሶ የስንብት ደብዳቤ ይስጥዎ። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መሆን አለበት። የክሊራንስ (የንብረት ማስረከቢያ) ቅጽም ቢሆን እስከ መጨረሻው መስመር ይነበብ፤ «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው የለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከታች ናት። ገንዘቡን ለመውሰድ የግድ መፈረም ካለብዎ ከፊርማዎ በላይ «የተቀበልኩት ቀሪ መብቴን ሳልተው ነው» ብለው በእጅዎ ይጻፉና ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ያንሱት።

2. እገዳን ከስንብት ጋር ማምታታት

«ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ፣ እንጠራችኋለን» የሚለው ንግግር በሕግ ፊት ስንብት አይደለም። አሠሪው ጥፋቱ ባልሆነ የገንዘብ ችግር ምክንያት ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሥራ ማገድ ይችላል፤ ነገር ግን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። መሥሪያ ቤቱ ድርጅቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ እንደማይጀምር ካመነ ሠራተኛው የስንብት መብቶቹን ያገኛል። ስለዚህ እገዳው እንደተነገረዎ ጉዳዩ ለመሥሪያ ቤቱ ቀርቦ እንደሆነ ሄደው ይጠይቁ። ደግሞ አገር ቤት ገብተው፣ ሲም ካርድ ቀይረው እንዳይጠፉ። እገዳው ባበቃ ማግሥት ሥራ ላይ አለመገኘት ለአሠሪው ጥሩ ሰበብ ነው።

3. ሒሳቡን ለድርጅቱ መተው

የስንብት ክፍያ ስሌቱ ከባድ አይደለም። መነሻው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የዚህ 30 እጥፍ፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ በዚህ ላይ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይታከላል። ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፈው ይኸው 60 ነው።

ወር ደመወዝዋ 6,000 ብር የሆነ፣ ሰባት ዓመት የሠራች ሴት እንውሰድ፤ የቀን ደመወዟን ለ30 አካፍለን 200 ብር እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 6,000። ለቀሪዎቹ ስድስት ዓመታት በየዓመቱ 2,000፣ ይህም 12,000። ተጨማሪው 60 ቀን ደግሞ 12,000። ድምሩ 30,000 ብር ይሆናል። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተተምኖ፣ የሠራችባቸው ቀናት ደመወዝና ትርፍ ሰዓቱም ከዚህ ውጭ ነው። ኤችአር 18,000 ብር አስልቶ ቢያቀርብላት ሕጋዊ ይመስላል፤ የጎደለውን የምታውቀው ራሷ ካሰላችው ነው።

4. ማን እንደሚቀነስ እንደ ዕጣ መቀበል

አዋጁ ቅነሳ የሚለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካውን ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። በዚህ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቆያል። በዚህ እኩል ከሆኑ አገልግሎቱ አጭር የሆነው፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያነሰው ቀድሞ ይሄዳል፤ በሥራው ላይ የተጎዱ፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ ቂም የያዘባቸውን ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ ካሰፈረ መከራከሪያዎ ይህ ነው። ማኅበር በሌለበት ድርጅት ውስጥ ግን ይህ አንቀጽ የሚጮኽለት አያገኝም፤ በእኔ እይታ የአዋጁ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው።

5. «እኔ ኮንትራት ነኝ፣ አይመለከተኝም»

የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ከሆነ በየስድስት ወሩ ወረቀት ማደስ ሠራተኛውን ጊዜያዊ አያደርገውም።

6. «ይከፍሉኛል» እያሉ ቀን መቁጠር

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ሊቀጣ ይችላል። ድርጅቱ ግን ተቸግሯል፤ ሥራ አስኪያጁ «ማሽኑ ይሸጥ፣ ባንኩ ይልቀቅልን» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እርስዎ ላይ የሚሮጠው ጊዜ ግን አይጠብቅም። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ 3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ 6 ወር ካለፈው ተቀባይነት ያጣል። የቃል ተስፋ ይህን ጊዜ እንደሚያቆምልዎ አይተማመኑ። በአዋጁ መሠረት የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው፤ ንብረቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ግን ቅድሚያው ምን ላይ ያርፋል? ለክሱ የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ በገንዘብ እጥረት ምክንያት አይዘግዩ። ማኅበራችሁ የኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) አባል ከሆነ መጀመሪያ ምክር የሚጠየቀው እዚያ ነው።

7. ባዶ እጅ መውጣት

ቢሮው ሳይታሸግ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይውሰዱ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የያዘ ሆኖ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። የቅጥር ደብዳቤውንና የፔሮል (የደመወዝ መክፈያ) ወረቀቶቹንም አይተዉ። ከደመወዝዎ 7 በመቶ ተቆርጦ፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታ ገቢ ማድረጉን በጡረታ መለያ ቁጥርዎ ያጣሩ። ቆርጦ ያላስገባ አሠሪ አይጠፋም፤ ይህን ከአሥር ዓመት በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

8. የስንብቱን ብር ለደላላ መስጠት

ገንዘቡ እጅ እንደገባ «ዱባይ፣ ቤሩት» የሚል ሰው ይመጣል። በሕጋዊው መንገድ የውጭ አገር ሥራ ሲሆን የቪዛና የአውሮፕላን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ነው። ለቪዛ ክፈይ የሚል ሰው ጋ ንግግሩ እዚያው ይብቃ። ይልቅ ከብሩ ላይ ቢያንስ የጥቂት ወራት የእድር መዋጮ ለይተው ያስቀምጡ፤ ዕቁብ ቀድመው ከበሉ ደግሞ የዕቁቡን ዳኛ አስቀድመው ያነጋግሩ። ዋስ የሆነልዎ ጓደኛም አብሮ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል።