ብዙ ብሔረሰቦች ላሏት ምናባዊ አገር የክልል ፓርቲዎችን የምርጫ ጥምረት መቅረጽ

በልብ ወለድ፣ በተውኔት ወይም በፖለቲካ ማስመሰያ ጨዋታ ውስጥ አዲስ አገር የሚፈጥር ሰው የገዢውን ፓርቲ ታሪክ በጥንቃቄ ይጽፍና የተቃዋሚዎቹን ጥምረት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ስም፣ በአንድ ዓርማና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ በሚናገር መፈክር ጨርሶ ያልፈዋል። እንዲህ የተፈጠረ መሀል ግራ ዘመም ጥምረት አንባቢን አያሳምንም። የክልል ፓርቲዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያቆያቸው ከርዕዮተ ዓለማቸው ይልቅ ማን በየትኛው የምርጫ ክልል ለማን ቦታ እንደሚለቅ የሚወስነው ስምምነት ስለሆነ፣ ሥራው ከዚያ ቢጀመር ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል።

በቅድሚያ የአገሪቱን የምርጫ ሕግ ይወስኑ። ሥርዓቱ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ብቻ የሚያልፍበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ከሆነ፣ በየአካባቢያቸው ያለ ተቀናቃኝ የሚያሸንፉ ፓርቲዎች እዚያ መጣመር አያስፈልጋቸውም፤ ጥምረቱ ጥቅም የሚሰጠው ሕዝቡ ተቀላቅሎ በሚኖርባቸው ከተሞችና የክልል ወሰኖች ነው። ገዢው ፓርቲ 42፣ ሁለት የክልል ፓርቲዎች ደግሞ 33 እና 25 ከመቶ በሚያገኙበት ቦታ አንዱ ዕጩውን ካላነሳ ወንበሩ የገዢው ነው። ስለዚህ የአገሪቱን ካርታ ዘርግተው እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ምልክት ያድርጉባቸው፤ የድርድሩ ክርክር ሁሉ የሚካሄደው በእነሱ ላይ ነው።

ሥርዓቱ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን መቀመጫ የሚያገኙበት ተመጣጣኝ ውክልና ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ዕጩዎች ዝርዝርና ምክር ቤት ለመግባት ወደሚጠየቀው ዝቅተኛ የድምፅ ገደብ ይዞራል። ገደቡን ሲወስኑ ለጥምረት የተለየ መሆን አለመሆኑንም አብረው ይጻፉ። በፖላንድ አንድ ፓርቲ 5 ከመቶ ሲበቃው በጥምረትነት የተመዘገበ ስብስብ ግን 8 ከመቶ ማግኘት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በጥምረትነት የተወዳደሩት የግራ ፓርቲዎች 7.5 ከመቶ ገደማ አግኝተው ያለ አንድ ወንበር ሲቀሩ፣ ከ38 ከመቶ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ከ460 መቀመጫዎች 235ቱን ይዞ ብቻውን መንግሥት መሠረተ። አንድ የሕግ አንቀጽ የአገርን አቅጣጫ ሲወስን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል። በሌላ በኩል በስፔን ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ስለምትሆን፣ የካታሎኒያ፣ የባስክና የጋሊሲያ ግራ ዘመም ፓርቲዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ዝርዝር ቀርበው 3 መቀመጫ አግኝተዋል፤ ለአገሪቱ ፓርላማ ሲወዳደሩ ግን በየክልላቸው ለየብቻ ይቀርባሉ። እርስዎም የሚፈጥሩት ጥምረት ለአንድ ዓይነት ምርጫ ብቻ የሚቆም ሊሆን ይችላል።

አሁን ቁጥር ይያዙና ይሞክሩት። አምስት መቀመጫ ባለው የምርጫ ክልል ገዢው ፓርቲ 45 ሺህ፣ ሦስት የክልል ፓርቲዎች ደግሞ 20፣ 14 እና 13 ሺህ ድምፅ አገኙ እንበል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት የዶንት ቀመር የእያንዳንዱ ድምፅ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት እየተካፈለ ትልልቆቹ ውጤቶች መቀመጫ ያገኛሉ። ሦስቱ ለየብቻ ከቀረቡ ገዢው 3፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ አንድ ይወስዳሉ፤ ትንሹ ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለቱ ትልልቆች ትንሹን ትተው ቢጣመሩ ድምፃቸው 34 ሺህ ይሆናል፤ ግን ያው 2 መቀመጫ ነው። ሦስቱም ሲጣመሩ 47 ሺህ ድምፅ ይዘው 3 መቀመጫ ያገኛሉ፣ ገዢውም ወደ 2 ይወርዳል። ተጨማሪዋን መቀመጫ ያመጣው ከሁሉም ያነሰው ፓርቲ ነውና ተደራዳሪው በዝርዝሩ ላይ ሦስተኛውን ቦታ አልቀበልም፣ ሁለተኛው ይገባኛል ቢል ምክንያት አለው፤ ሦስተኛው ቦታ ጥቂት ድምፅ ቢጎድል የሚቀር ቦታ ነውና። ጥሩ የድርድር ትዕይንት ከእንዲህ ያለው ስሌት ይወለዳል፤ ጸሐፊው ስሌቱን ሳይሠራ ቢቀር ገጸ ባሕርያቱ ለምን እንደሚጣሉ ራሱም አያውቅም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ፓርቲ ግራ ዘመም የሆነበትን ምክንያት ለየብቻ ይጻፉ፤ እኔ እጅግ አስፈላጊ የምለው ደረጃ ይህ ነው። የማዕድን ክልሉ ፓርቲ ከሠራተኛ ማኅበራት ወጥቶ የማዕድን ገቢው ለክልሉ እንዲቀር ይታገል ይሆናል፤ የደጋው ክልል ፓርቲ በመሬት ጥያቄ ላይ የተመሠረተና አብዛኞቹ መሪዎቹ መምህራን የሆኑበት ሊሆን ይችላል፤ የወደቡ ክልል ፓርቲ ደግሞ በከተማ ቤት ኪራይና በወደብ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ያተኩራል። ሦስቱም ስለ ሕዝብ ጤናና ስለ ትምህርት ይስማማሉ። የማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ ለክልሎች በምን ቀመር ይከፋፈል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ግን ማኅበራዊ ፍትሕና የክልል ራስ ገዝነት ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ድኻው ክልል ክፍፍሉ በችግር መጠን ይሁን ሲል፣ ሀብታሙ ክልል ገቢው በተገኘበት ይቅር ይላል፤ የሀብታሙ ክልል ግራ ዘመም ፓርቲ መሪም ለገዛ መራጮቹ «ከእናንተ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል» ብሎ የመናገር ግዴታ ይወድቅበታል። ይህን ሰው በእውነት ከጻፉት ጥምረቱ ነፍስ ይዘራል። በየክልሉ ውስጥ ያሉ አነስተኛ ብሔረሰቦችንም አይርሱ፤ የክልሉ ፓርቲ በመዲናዋ የራሱን ሕዝብ መብት እየጠየቀ በቤቱ ያሉትን የሚያሳጣ ከሆነ፣ ተቀናቃኙ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ የጋራ ዝቅተኛ ፕሮግራሙን፣ ማለትም ሁሉም አባላት የሚስማሙባቸውን ጥቂት ነጥቦች የያዘውን ሰነድ፣ ይጻፉ። ሁሉንም ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ሰነድ ጥምረትን ያፈርሳል፤ አምስት ወይም ስድስት ተጨባጭ ግዴታዎች ይበቃሉ። በሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ምርጫ በኋላ የተመሠረተው የጥምር መንግሥት በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ ቆሞ ነበር፤ በ2005 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት የ100 ቀናት ሥራ ዋስትና የሰጠውም ከዚያው ቃል ተነሥቶ ነው። የግራ ፓርቲዎች ከመንግሥቱ ውጭ ሆነው ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ በ2008 ያነሱት ግን ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የኑክሌር ስምምነት የተነሳ ነው። የእርስዎም ፕሮግራም ዝም ያለባቸውን ጉዳዮች ለይተው ይያዙ፤ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የሚነሳው ከእነሱ ነው።

የምርጫ መለያ ምልክቱ ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጣመሩት ተቃዋሚዎች በአገሪቱ የልሳነ ምድር ክፍል የአንዱን አባል ፓርቲ ምልክት በጋራ ተጠቅመው ከነጻነት ጀምሮ የገዛውን ጥምረት አሸነፉ፤ ለዚህም ሌሎቹ መራጮቻቸው ለዓመታት የለመዱትን ዓርማ መተው ነበረባቸው። በዚያው አገር ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ከማሃቲር መሐመድ ወደ አንዋር ኢብራሂም እንደሚተላለፍ ቃል ተገብቶ ሳለ ርክክቡ የሚፈጸምበት ቀን ተቆርጦ ባለመቀመጡ ጉዳዩ ሲያወዛግብ ቆየ፤ መንግሥቱም በየካቲት 2020 ፈረሰ። መሪነት በተራ የሚያዝ ከሆነ ቀኑን በሰነዱ ላይ ይጻፉ፤ ታሪኩ እንዲበላሽ ከፈለጉ ደግሞ ባዶ ይተዉት።

በመጨረሻ ስምምነቱ ግልጽ ይሁን ወይስ ምስጢር የሚለውን ይወስኑ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ከነጻነት ጀምሮ ሥልጣን ላይ የነበረውን ካኑ የተባለ ፓርቲ ያሸነፈው ጥምረት በሁለት ቡድኖች መካከል በተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከድሉ በኋላ አንደኛው ወገን የካቢኔ ድርሻችን በሰነዱ መሠረት አልተሰጠንም ብሎ ቅሬታ አቀረበ፤ በ2005 በሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሁለቱ ወገኖች በተቃራኒ ቆመው ተፎካከሩ፣ ረቂቁ ሲወድቅም ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ካቢኔውን ከሞላ ጎደል በሙሉ አሰናብተው ተቃራኒዎቻቸው የሌሉበት አዲስ ካቢኔ አቋቋሙ። በእርስዎ አገር ሰነዱ ማን ዘንድ እንደተቀመጠ፣ አለመግባባት ሲነሳ ማን እንደሚዳኝ፣ የሚወጣ ፓርቲ በጥምረቱ ስም ያገኘውን ወንበር ይዞ ይሄድ እንደሆነም ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ይወስኑ።