የሙላቱ አስታጥቄን የድሮ ሥራዎች በሲዲ እንዴት ማሰባሰብ ይቻላል

የሙላቱ አስታጥቄ ስም ያለበትን ሲዲ ሁሉ ልግዛ ያለ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣል፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው «የከርሞ ሰው» የሚለውን ሙዚቃ ደጋግሞ ገዝቶት ያገኘዋል። አንዱ ቀረጻ በተለያየ ሽፋን፣ በተለያየ ርዕስ፣ በተለያየ አሳታሚ ይዞራል። ይሄ ጽሑፍ ያንን ለማስቀረት ነው።

ሙላቱን የመረጥኩት አንደኛ ስለምወደው ነው። ሁለተኛ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሥራዎቹ በደንብ ተደርገው እንደገና ስለታተሙ፣ ሦስት አራት ሲዲ ይዞ አብዛኛውን መሸፈን ይቻላል። ለማሕሙድም፣ ለኃይሉ መርጊያም፣ ለዓለማየሁ እሸቴም መንገዱ ያው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲዲዎቹ ላይም የሚገኙት እንደዚያ ነው።

1. መጀመሪያ የሸክላዎቹን ዝርዝር ያዙ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሙዚቀኛው በዘመኑ ያወጣቸውን ሸክላዎች በዓመት ቅደም ተከተል ጻፉ። ወረቀት ላይ ይሁን ስልክ ላይ ግድ የለም። ሲዲዎቹን ገና አትጻፉ። ሲዲው ዘግይቶ የመጣ ዕቃ ነው፣ ከአንድ ሸክላ ግማሹን ከሌላው ሁለት ዘፈን ቀላቅሎ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከሲዲ ከጀመራችሁ የትኛው ዘፈን ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

የሙላቱ ዝርዝር በአጭሩ ይሄን ይመስላል። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ወርዚ በሚባል ትንሽ ኩባንያ «አፍሮ ላቲን ሶል» ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ወጡ። በ1972 እዚያው ኒው ዮርክ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ተቀረጸ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለአምሃ ሪከርድስ የሠራቸው አሉ፤ በ1972 የወጣ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ስብስብና በ1974 የወጣው «የካቲት»። በዚህ ላይ በየጎኑ አንድ አንድ ዘፈን የያዙት ትንንሾቹ ሸክላዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ የሙላቱ፣ አንዳንዶቹ እሱ ያቀናበራቸው የሌሎች ድምፃውያን ዘፈኖች።

አምሃ ሪከርድስ ሲነሳ ሳልናገር የማልፈው ነገር አለ። አምሃ እሸቴ ድርጅቱን በ1969 ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ወጣቱ ሰውዬ ዝም ብሎ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም ቀጠለ። ዛሬ በሲዲ የምንሰማው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ግማሽ ያህሉ ይሄ ድፍረት ባይኖር አይኖርም ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

2. የትኛው ሲዲ የትኛውን ሸክላ እንደያዘ አዛምዱ

አሁን ከእያንዳንዱ ሸክላ አጠገብ የሚገኝበትን ሲዲ ጻፉ።

የአዲስ አበባዎቹ ዋና ማደሪያ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ የታተመው ኢትዮፒክስ የሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲ ቁጥር 4 ነው። የወጣው በ1998 ነው። ተከታታዩን የሚያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ቁጥር 4 በዋናነት የአምሃን ሁለት ሸክላዎች፣ የ1972ቱንና የ1974ቱን፣ ይሸፍናል። «የከርሞ ሰው»፣ «የግሌ ትዝታ»፣ «ሙናዬ»፣ «ነፃነት»፣ «የካቲት» ሁሉም እዚህ አሉ። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይሄን ግዙና ሌላውን እርሱት።

የኒው ዮርኮቹን ስትራት የሚባለው የለንደን ኩባንያ አሳትሟቸዋል። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017፣ ሁለቱ «አፍሮ ላቲን ሶል» ደግሞ አንድ ላይ በ2018። ሁለተኛ የሚገዛው ያለ ጥርጥር የ1972ቱ ነው። የ1966ቶቹን ግን ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል ብዬ አላስብም። ወጣት ሙላቱ ናቸው፣ ቪብራፎኑ (በትንሽ መዶሻ የሚመታው የብረት መሣሪያ) አለ፣ ግን የላቲን አሜሪካ ስልቱ ያመዝናል። «የከርሞ ሰው»ን ሽታ ፍለጋ የገዛቸው ሰው ቅር ሊለው ይችላል። እኔ የምወዳቸው ኢትዮ ጃዝ (የኢትዮጵያ ቅኝትና ጃዝ የተዋሃዱበት ስልቱ) ከመወለዱ በፊት እጁ ወዴት ወዴት እያለ እንደነበረ ስለሚያሰሙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ግራ የሚያጋባው ነው። ስትራት በ2009 «ኒው ዮርክ፣ አዲስ፣ ለንደን» የሚል ከ1965 እስከ 1975 ያለውን ሥራውን የሚያስጎበኝ ስብስብ አውጥቷል። ጥሩ ሲዲ ነው። ነገር ግን ከላይ ያልኳችሁን ከያዛችሁ ብዙው በእጃችሁ አለ። የሚያስገዛው ምክንያት ሙላቱ ከድምፃውያን ጋር የሠራቸው ናቸው፣ ለምሳሌ የሰይፉ ዮሐንስ «ኤቦ ላላ»። በተቃራኒው ለሙዚቃው አዲስ ለሆነ ጓደኛ ስጦታ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ማጀቢያ ሲዲና ከኢትዮፒክስ ተከታታይ የተመረጡትን የያዘው የ2007ቱ ባለ ሁለት ዲስክ ስብስብም በየሱቁ ያጋጥማሉ። በእነሱ ላይ ያሉት የሙላቱ ሥራዎች ቁጥር 4 ላይ አሉ። ለሌላው ሙዚቃ ብላችሁ ካልሆነ እለፏቸው።

3. ርዕስ አይታችሁ አትታለሉ

አንድ ዓይነት ርዕስ ማለት አንድ ዓይነት ቀረጻ ማለት አይደለም። «ደወል» በ1972ቱ የኒው ዮርክ አልበም ላይ አለ፣ በ1974ቱ የአዲስ አበባ ሸክላም ላይ አለ። ተጫዋቾቹ ሌላ፣ ስቱዲዮው ሌላ። ሁለቱንም መያዝ ድግግሞሽ አይደለም፣ እንዲያውም አንዱን ከሌላው አስከትሎ መስማት ከስብስብ ሥራ ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው።

በዚሁ መንገድ በ2025 የወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የድሮ ሥራዎቹን አዲስ አድርጎ የተጫወተበት ነው። ዳግም ህትመት አይደለም። ይሄንን ሳያዩ «የድሮውን አገኘሁ» ብለው የሚገዙ ስላሉ ነው የምናገረው። ለማጣራት የዘፈኑን ርዝመት በደቂቃና በሴኮንድ አወዳድሩ፣ ቀጥሎ ከኋላ ሽፋኑ ወይም ከሲዲው ጋር ከሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ (ቡክሌቱ) የተቀረጸበትን ዓመትና ቦታ ፈልጉ። ርዝመቱ በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ቢለያይ ችግር የለውም። በግማሽ ደቂቃ ከተለያየ ግን ሌላ ቀረጻ ወይም ተቆርጦ የወጣ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

4. ፍለጋው

ያገለገለ ሲዲ ለመፈለግ ዲስኮግስ የሚባለውን ድረ ገጽ የሚያክል የለም። እያንዳንዱ ህትመት ለብቻው ተመዝግቧል፤ አሳታሚው፣ አገሩ፣ ዓመቱ፣ የዘፈኖቹ ርዝመት፣ የሽፋኑ ፎቶ። ከዚህ ቀደም በስንት እንደተሸጠም ዝቅተኛውን፣ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ያሳያችኋል። አንድ ሻጭ ከመካከለኛው እጥፍ ከጠየቀ ትቶ መጠበቅ ነው። ሲዲ እንደ ሸክላ አይደለም፣ ትንሽ ስትታገሱ ሌላ ይመጣል።

ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። የፈረንሳዮቹ ህትመት የሙላቱን አባት ስም በላቲን ፊደል ሲጽፍ ከእንግሊዞቹ ይለያል፤ «ቄ»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋታል። የዘፈኖቹ ስም ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ አሳታሚው ለህትመቱ በሚሰጠው መለያ፣ በካታሎግ ቁጥር፣ ፈልጉ። የኢትዮፒክስ ቁጥር 4 ካታሎግ ቁጥር 82964-2 ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቁጥር አይዋሽም፣ ፊደል ግን እንደ ጸሐፊው ነው።

5. ከመግዛት በፊት ምን ልጠይቅ?

ኢትዮፒክስ የሚመጣው በካርቶን ማቀፊያ ነው፣ ዲጂፓክ የሚባለው። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ተራው የፕላስቲክ መያዣ ቢሰበር ሌላ ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። ዲጂፓክ ጥጉ ከተበላ ወይም ውሃ ከነካው ግን መተኪያ የለውም፣ ውስጡ ሲዲውን የሚይዙት ጥርሶች ከተሰበሩም ያው። ስለዚህ ሻጩን ስለ ማቀፊያውም ጠይቁ። ቡክሌቱ መኖሩን ደግሞ በግልጽ ጠይቁ። የኢትዮፒክስ ቡክሌት ፎቶውና ታሪኩ ግማሽ ዋጋው ነው፣ ያለ እሱ ብትገዙት የጎደለ ዕቃ ነው የያዛችሁት።

ሲዲውን በእጃችሁ ካገኛችሁ ሁለቱንም ፊት አገላብጡ። ሰው ሁሉ የሚያየው የሚያብለጨልጨውን ጎን ነው። እዚያ ያለ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አይጎዳም፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ስላለው መረጃው ከጭረቱ ራቅ ብሎ ነው ያለው። አደገኛው ጽሑፍ ባለበት በኩል ያለው ጭረት ነው። ብር የመሰለው ንጣፍ ያለው ከጽሑፉ ሥር ነው፣ የሚሸፍነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ። እዚያ ከተላጠ ሙዚቃው አብሮ ሄዷል። ሲዲውን ወደ መብራት አቅንታችሁ እዩ፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የብርሃን ነጠብጣብ ካለ ተዉት።

6. ዋናውን ከኮፒ መለየት

ኮፒ ሲዲ ምን ያህል እንደተሸጠ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም። ሆኖም አሁን ኮፒው በደንብ ታትሞ ስለሚመጣ ሽፋን ብቻ ማየት አይበቃም።

ሥሩን እዩ። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ብርማ ነው። በኮምፒውተር የተቀዳው (የተቃጠለው የሚሉት) ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይመታል። ከዚያ መሐል ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለበት እዩ፤ ፋብሪካው ያስገባቸው ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎች አሉ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በታተሙት በአብዛኛዎቹ ላይ አይ.ኤፍ.ፒ.አይ የሚል ኮድም ይኖራል። ያንን ቁጥር ዲስኮግስ ላይ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩት። የአሳታሚው ስም የሌለበት፣ ባርኮድ የሌለው፣ ሽፋኑ ከሌላ ሽፋን ተነሥቶ የደበዘዘ፣ ከሦስት ኩባንያ ሥራ የተለቃቀመ «ምርጥ ስብስብ» ካጋጠማችሁ መልሱት። ርካሽ ቢሆንም ለሙዚቀኛው የሚደርስ ነገር የለውም።

7. ክፍያና ማስመጣት

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ይሄ ክፍል አያስፈልጋችሁም። አንድ ነገር ብቻ፣ ከአንድ ሻጭ ሦስት አራት ሲዲ አብራችሁ እዘዙ፣ የፖስታው ዋጋ አንዳንዴ ከሲዲው ይበልጣል።

አገር ቤት ላለ ሰው ክፍያው ራሱ ፈተና ነው። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ የሚሠራው መንገድ የታወቀ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ዘመድ ይገዛል፣ ዕቃው እሱ ቤት ይደርሳል፣ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላካል። ሲዲ ቀላል ስለሆነ ማንም እምቢ አይልም። ብቻ ሻንጣ ውስጥ ከጫማ ጋር አይወርወር፣ በልብስ ተጠቅልሎ መሐል ይግባ በሏቸው።

8. ድምፁን በተመለከተ

አዲስ ማስተር (የድሮው ቀረጻ ድምፅ እንደገና የተስተካከለበት) ማለት የተሻለ ማለት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ አሳታሚዎች የድሮ ቀረጻ ሲያድሱ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ሲሉ ጎላ ያለውንና ዝግ ያለውን እኩል ይጨፈልቁታል። መጀመሪያ ስትሰሙት ያስደስታል፣ ሩብ ሰዓት ሲሞላው ጆሮ ይደክማል። ሁለት ህትመት ካላችሁ የድምፅ መጠኑን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ፣ አለበለዚያ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ይመስላችኋል።

የቴፑ ሹክሹክታ ቢሰማችሁ አትናደዱ። የዋናው ቴፕ ባሕርይ ነው። «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ከሸክላ ላይ ተገልብጧል ማለት ነው፣ ያም የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቴፑ ስላልተገኘ ነው። ሹክሹክታውን ጨርሶ ለማጥፋት የታጠበ ቀረጻ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ሲምባሉና የሳክስፎኑ ትንፋሽ አብረው ይታጠባሉ።

9. ወደ ኮምፒውተር መገልበጥና ማስቀመጥ

የዛሬ ላፕቶፖች የሲዲ ማጫወቻ የላቸውም፣ በዩኤስቢ የሚሰካውን ግዙ። ለዊንዶውስ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። የገለበጣችሁትን አኩሬት ሪፕ ከተባለው መዝገብ ጋር አመሳክሮ ሌላ ሰው ካገኘው ጋር አንድ መሆኑን ይነግራችኋል። ማክ ላላችሁ ኤክስ.ኤል.ዲ አለ። ኤም.ፒ.3 አታድርጉት፣ ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት አድርጉት። ምንም ሳይጎድል መጠኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላውን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሩ።

የዘፈኖቹን ስም ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት ያመጣላችኋል፣ በተጣመመ ላቲን። እሱን ሰርዛችሁ በአማርኛ ጻፉት። ዛሬ ስልኩም መኪናውም ግዕዝ ፊደል ያነባል፣ ካላነበበም ባዶ ሳጥን ያሳያችኋል እንጂ ሙዚቃውን አይከለክልም።

ሲዲው ሲቆሽሽ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ አታዙሩት። እላዩ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ተለጣፊም አትለጥፉ። መደርደሪያ ላይ ቁሞ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። የድሮ ቶዮታ ያላችሁና ሲዲ ማጫወቻው አሁንም የሚሠራላችሁ ደግሞ፣ ለመኪና የሚሆነውን ከፍላኩ ራሳችሁ አቃጥሉና ዋናውን ቤት ተዉት። በቀትር ፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ሲዲ ይጣመማል።