ያረገዘች ጉፒ ካለቻችሁ እነዚህን አታድርጉ

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ጎረቤቴ ደወለችልኝ። «ዓሳዬ ልትወልድ ነው መሰለኝ፤ ጆግ ውስጥ ለይቻታለሁ፤ ግን ታች ተኝታ ዝም ብላለች» አለችኝ። ከተለየች ስንት ቀን እንደሆናት ጠየቅኳት። «ስድስት» አለች። በማግስቱ ጠዋት ስትደውል ዓሳዋ ሞታ ነበር።

ይህን ታሪክ ከስንት ሰው እንደሰማሁት አላውቅም። አንዳንዱ ጆግ ይላል፣ አንዳንዱ የማር ጠርሙስ፣ አንዳንዱ ከሱቅ የተገዛ ትንሽ የመውለጃ ሳጥን። መጨረሻው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

እናቲቱን ያለጊዜዋ አትለዩዋት። ጉፒ የምትባለው ትንሽ የአኳሪየም ዓሳ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ነው የምትወልደው። እርግዝናዋ ከ21 እስከ 30 ቀን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ወደ 28ቱ ይጠጋል። ሆዷ ጎላ ማለት የሚጀምረው ግን ከመውለጃዋ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሰው ያንን ያይና «ደረሰች!» ብሎ ይጨልፋታል። እስቲ በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ጆጉ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቅ ሂተር የለም። ውሃውን የሚያጣራ ፊልተር የለም። የምትሸሸግበት ቅጠል የለም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የራሷ ቆሻሻ አሞኒያ እየሆነ ይመርዛታል። የተጨነቀች ጉፒ ልጆቿን ይዛ ትቆያለች፣ ወይም ያለቀናቸው ትጥላቸዋለች፣ ወይም ራሷ ትሞታለች።

እኔም የመጀመሪያዋን ጉፒዬን ያጣኋት በዚሁ ምክንያት ነው። ጅራቷ ብርቱካናማ ነበር፤ በጣም እወዳት ነበር። የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ በየሰዓቱ እየሄድኩ አያት ነበር። በአምስተኛው ቀን ወለደች። ልጆቹ ግን ገና ነበሩ፤ ሆዳቸው ላይ የእንቁላል አስኳሉ እንደተንጠለጠለ ታች ወደቁ። አንዱም አልተረፈም። እሷም ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። መጠበቅ ብችል ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።

የደረሰችውን እንዴት ትለያላችሁ? ሆዷ ክብ መሆኑን ትቶ ከፊት በኩል እንደ ሣጥን ማዕዘን ያወጣል። ከጅራቷ በፊት፣ ሆዷ መጨረሻ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ይሰፋል፣ ይጠቁራል። ቀለሟ ፈዘዝ ያለ ከሆነ የልጆቹ ዓይን እንደ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ምግብ ትተዋለች፤ ጥግ ወይም ሂተሩ አጠገብ ትቆማለች። እነዚህ ሲሰበሰቡ ሰዓቷ ቀርቧል። ያኔም ቢሆን እኔ አልለያትም፤ ብዙ ቅጠል ጨምሬ እዚያው እተዋታለሁ። የግድ መለየት ካለባችሁ በመረብ አየር ላይ አታንጠልጥሏት። ከነውሃዋ በኩባያ ቅዱና ውሰዷት።

ሆዷ አብጦ ቅርፊቶቿ ከሰውነቷ ተነስተው ከቆሙ ግን ያ እርግዝና አይደለም፤ በሽታ ነው። ቶሎ ከሌሎቹ ለይዋት።

ሁለተኛው ስህተት እንደ አራስ ማብላት ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር ለወለደች ሴት ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይሠራል፤ ፍቅራችንን በምግብ ነው የምናሳየው። ዓሳዋ ግን በዝግ ውሃ ውስጥ ነው ያለችው። ያልበላችው ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል፤ የምትተነፍሰውም ያንኑ ውሃ ነው። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የእንቁላል አስኳል፣ እነዚህ ሁሉ ውሃውን በአንድ ቀን ያበላሹታል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የምትጨርሰውን ያህል የዓሳ ምግብ ይበቃታል።

ሌላው ደግሞ «ለወሊዷ ቤቱን ላጽዳላት» ብሎ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየርና የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ማጠብ ነው። ስፖንጁ ላይ አሞኒያን የሚያከሽፉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ብቻ እጠቡት። ውሃውንም በሳምንት ሩቡን ቀይሩ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነውና፣ በመጣ ቀን ባልዲ ሞልታችሁ አፉን ከፍታችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀምጡት። ክሎሪኑ ይወጣል። ስታፈሱት ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር እኩል ይሁን፤ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ሂተር የሌለው ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ያስብ። እኔ ቤት ሂተር ያልነበረው ውሃ አንድ ጠዋት 17 ዲግሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያረገዘች ጉፒ 24 እስከ 26 ዲግሪ ነው የሚመቻት። ቅዝቃዜ እርግዝናዋን ያራዝመዋል፤ የነጭ ነጥብ በሽታንም ይጋብዛል። መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ ምግብ አትስጡ። አየር እንዲያገኝ ደግሞ በየጊዜው በኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት።

ወንዶቹ አያሳርፏትም፤ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይኑር። የፊልተሩን መምጠጫ በስፖንጅ ሸፍኑት፤ ልጆቹን ይውጣቸዋል።

ስለ ቅጠል አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እምቦጭ አምጥታችሁ አታስገቡ። ሥሩ ለልጆቹ ጥሩ መደበቂያ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል። ከአኳሪየም የተጣለ አንድ ቁራጭ ቦይ ውስጥ ከገባ ማን ይመልሰዋል? ጃቫ ሞስ የሚባለውን ውሃ ውስጥ የሚያድግ ሽበት ካገኛችሁ እሱን የሚያህል የለም። ጉፒዎቹንም «በዙብኝ» ብላችሁ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። ትውልዳቸው ትሪኒዳድና ቬኔዝዌላ አካባቢ ነው። ለወባ ትንኝ መከላከያ ተብለው ብዙ አገር ተለቀው የአገሬውን ዓሳ ያስቸገሩበት ቦታ አለ።

ስትወልድ 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከ50 በላይ ልጆች ይወጣሉ፤ የመጀመሪያ ወሊድ ከሆነ ያንሳሉ። እናትየው ታሳድዳቸዋለች፣ ትበላቸዋለችም። በዚህ አትቀየሟት፤ ለእሷ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ሁሉ ምግብ ነው። ለዚህ ነው ቅጠል ቅጠል የምለው። ልጆቹን በጣት ያደቀቃችሁትን ምግብ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በቁንጥር ስጧቸው። ከወር በኋላ የወንዶቹ የታች ክንፍ እንደ እንጨት ይቀጥናል። ያኔ ሳትዘገዩ ከሴቶቹ ለይዋቸው፤ አለበለዚያ እህቶቻቸውን ያስረግዛሉ።

«ወንድ የለኝም፤ እንዴት አረገዘች?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሴት ጉፒ የወንዱን ዘር ለወራት አስቀምጣ መጠቀም ትችላለች። ከሱቅ ስትገዟት አርግዛ ትመጣለች ብላችሁ ቁጠሩ። አንዴ ከወለደች በኋላም ያለ ወንድ በወሩ ልትደግም ትችላለች፤ ስለዚህ ቦታ ካሁኑ ፈልጉ።

ጎረቤቴ አንዲት ሴት ጉፒ ቀርታላታለች፤ እሷም አርግዛለች። ትናንት አብረን ቅጠሉን አሰርንላት፤ ቴርሞሜትሩ 25 ይላል። ነጥቧ ገና አልጠቆረም። ጆጉ ወደ ማድ ቤት ተመልሷል።